ደግሰውን ያስቀሩት ግራሮች

አንድ ዛፍ ለጤፍ ስንት ይጨምራል?

አክስቴ ይታየሽ ናቸው የጠየቁኝ። በሰው አገር አምስት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ፕሮፌሰሬ እንደሚሉት፣ “እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ይለያያል” አልኳቸው።

“ይኼንንማ ሳልማርም አውቀዋለሁ” ብለው ሳቁ።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው ማሳቸው መሐል አራት ግራሮች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ክረምት ቅጠላቸውን አርግፈው በበጋ የሚለመልሙ። ልጃቸው ደግሰው ሊቆርጣቸው ምሳሩን ስሏል። ሲያርስ በሬዎቹን ያደናቅፉበታል፣ ወፍም ያሳድራሉ። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ሐምሌ ተጋምሶ ገባ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ወጣ። ጤፉ ሳሳ።

“የቀረችውን እርጥበት የጠጧት እነሱ ናቸው” አለ።

“እንዲያውም ይጠብቋታል” አልኩት። ግን መጽሐፌ የተጻፈው ለሌላ አገር አፈር ቢሆንስ?

አክስቴ ፈረዱ፦ “በአጨዳ እናያለን። ከሥራቸው ያለው ጤፍ ካልተሻለ ይቆረጡ።”

ኅዳር ላይ ጎረቤቱ ለወንፈል መጣ፤ ስምንት ሆነን ተሰለፍን። እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ ያጭዳል፤ ወደኋላ የቀረ ይተረባል። ለእኔ በግራሮቹ ሥር የሚያልፈው መስመር ደረሰኝ። ወዲያው ብቻዬን ቀረሁ።

“ቤዛ! ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ አላስተማሩሽም?” ደግሰው ነው።

“ዲግሪው ከብዷት ነው!” አለ ጎረቤታችን ማንደፍሮ።

“እስቲ አንተ ና ያዘው!” አልኩት ደግሰውን፣ ተናድጄ።

ተቀያየርን፤ እስኪደርስብኝም ጠበቅኩት። በአጨዳ የሚቀድመው የሌለው ደግሰው የመጀመሪያው ግራር ሥር ሲደርስ ዘገየ። ሁለተኛው ጋ ቆሞ ላቡን ጠረገ። እኔ፣ እኔ እንኳ፣ ሃያ ርምጃ ጥዬው አለፍኩ።

“ምነው፣ አመመህ?” አለው ማንደፍሮ።

“ምን ያመኛል! ጤፉ ነው እንጂ! ጥቅጥቅ ብሎ አላሳልፍ አለኝ…” ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

“ምን አልክ ልጄ? ድገመውማ!” አሉ አክስቴ ከኋላ፣ ነዶ እንደታቀፉ።

ሳቁ ማሳውን ሞላው። ደግሰውም ራሱ ሳቀ። ምሳሩም ወደ ጓዳ ገባ።

አንድ ማሳ ነው፤ አንድ ዓመት ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም ለምሳ ስናርፍ፣ እዚያው ግራር ሥር፣ ለፕሮፌሰሬ ጻፍኩላቸው፦ “መልሱን አግኝቻለሁ። አራት ግራር ደግሰውን ሃያ ርምጃ ወደኋላ ያስቀራል። እናንተ ዘንድ ደግሰው ካለ ለክታችሁ ንገሩኝ።”

ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።