ጥድፊያ እና የሾፌሩ ክንድ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ እንደ ፋሻ ይጠቅለል።

የነርስ ተማሪዋን ጓደኞቿ «ጥድፊያ» ይሏታል፤ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ያን ዕለትማ የሆስፒታሉን ኮሪደር መቶ ጊዜ ተመላልሳበታለች። የተግባር ልምምዱ የመጨረሻ ቀን ነው። መምህሯ ፊት አንድ የደም ሥር አግኝታ ግሉኮስ ካልተከለች፣ እኩዮቿ ሲያልፉ እሷ ብቻዋን ቀርታ ልምምዱን ከአዲስ ልትጀምር ነው።

የደረሷት በሽተኛ ደግሞ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ክንዳቸው የቤት ምሰሶ ያህላል! የደም ሥራቸው መርፌ ሲያይ አጥንት ሥር ይደበቃል፤ ስንቷን አንጋፋ ሲስተር አስለቅሷል።

«አባባ፣ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል።»

«ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ ተንፍሺ» አሏት።

መምህሯ ከአልጋው ግርጌ ሆና ሰዓቷን አየች። «ዛሬ ነው ወይስ ለከርሞ?»

ጥድፊያ የደም ሥር የሚያስወጣውን ላስቲክ ክንዳቸው ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፣ በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ወጋች። በአንድ ምት! ደሙ ብቅ ሲል ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። ቱቦውን አገናኘች። ግሉኮሱ ግን ወይ ፍንክች! መቆጣጠሪያውን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ማንጠልጠያውን ከፍ አደረገች፣ ቱቦውን አሸች። ላቧ ወለሉን አጥቦ የጽዳት ሠራተኛዋን ሥራ አስፈታ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ተስፋ ቆርጣ መርፌውን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ፣ ከፒጃማው እጅጌ ሥር አንድ ነገር አበጥ ብሎ ታያት።

ላስቲኩ! ሳትፈታው! ክንዱን አንቃ ይዛ ግሉኮሱን ግባ ትለዋለች!

ፈታችው። ግሉኮሱ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ራሱን ስቶ የከረመ በሽተኛ ሳይቀር ተነስቶ አጨበጨበ፤ ሐኪሞቹ ከየክፍላቸው እየሮጡ መጡ። ፈገግታ የማታውቀው መምህሯ አቅፋ ሳመቻት። «አልፈሻል!»

በጠያቂ ሰዓት የሾፌሩ ሚስት መጡ። «አንተ፣ ኮሪደሩ ሁሉ የሚያወራላት ጎበዝ ማናት?»

ጥድፊያ በሩ ጋ ሆና አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ ትቆማለች። ሾፌሩ አዩዋትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን እንዳወራው እንጃ። የወጋችኝም ላስቲኩን የረሳችውም መምህሯ ናት። ይቺ ልጅ አልደፍርም ብላ መርፌውን ጭራሽ አልነካችውም። ከአዲስ ጀምሪ ተብላለች። ስትመለሺ እዚሁ ካለሁ ክንዴ ያንቺ ነው ብያታለሁ።»