የብብቱ ስፌት

የእህቴን ባል «ኦርጅናል» ነው የምለው። ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣማ! ሳሎኑን በኳስ ቅርስ ሞልቶት፣ እህቴ የምትቀመጥበት ወንበር እንኳ የሆነ አሰልጣኝ ወንበር ነው ተብሎ በገመድ ታጥሯል። እሱ ራሱ ግን ጨዋታ ሲጀመር ያንቀላፋል። ዘጠና ደቂቃ ነቅቶ ሲያይ አይቼው አላውቅም።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የክለቡ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። መስፋቱም የእኔው ሥራ ነበር። በዋንጫው ፍጻሜ ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ መብረቅ የምንለው አጥቂ የማሊያው ብብት ተተርትሮ መልበሻ ክፍል ገባ። ነጭ ክር አልቆብኝ ነበር። ከራሴ ቀሚስ ጠርዝ ሰማያዊ ክር መዝዤ፣ ማሊያውን ሳያወልቅ፣ እጁን ሽቅብ አስነስቼ ሰፋሁለት።

«ከወጋሽኝ አልጫወትም» ይለኛል እየሳቀ።

ወጥቶ ጎሏን አገባ። ማሊያውንም ሳላጥበው ይዞት ሄደ። እንደዚያች ስፌት የኮራሁበት ሥራ የለኝም፤ አንድም ሰው ግን አላወቀልኝም።

እና ኦርጅናል የመብረቅን ማሊያ ገዛሁ ብሎ ሲደነፋ ብሰማ፣ ተነስቼ ሄድኩ። የእሱ ፊት ናፍቆኝ አይደለም። ስፌቴን ለማየት ነው።

ማሊያው በመስታወት ሣጥን ተሰቅሏል። ኦርጅናል መስታወቱን እየወለወለ ሳለ አንገቴን አስግጌ ብብቱን ፈለግኩ። መርፌ የነካው አይመስልም።

«ይሄ አይደለም» አልኩት።

«እትዬ፣ የምስክር ወረቀት እኮ አለው! ላቡ እንኳ አልታጠበም። መጀመሪያ የመብረቅ ወንድም አንድ ቡትቶ ሸጦልኝ ነበር፤ የኳስ ቅርስ የሚመረምርልኝ ባለሙያ አይቶ ሳቀብኝ። ብብቱ ላይ ሰማያዊ ክር! ከጨዋታው በፊት በተነሱት ፎቶ ላይ ደግሞ ምንም ስፌት የለም።»

ከጨዋታው በፊት! እንዲህ ያለውን ባለሙያ እንኳን ማሊያ ላስመረምረው፣ ካልሲ አላስቆጥረውም።

«ቡትቶውስ የታለ?»

የሚወለውልበትን ጨርቅ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ሰማያዊዋ ክር ቁጭ ብላለች።

«ዋናው ይሄ ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ውሰጂው፤ እቃ ማጠቢያ ይሆንሻል» ብሎ ወረወረልኝ። እህቴ በእሱ ፈንታ አፈረች።

ቤቴ ወስጄ በሳሙና አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ሲደርቅ ለበስኩት። ሰፊ ነው፣ ይመቻል። ሽንኩርት ስከትፍ፣ በሬዲዮ ጨዋታ ስሰማ ከላዬ አይወርድም። ጎል ሲገባ እጄን ሳነሳ ስፌቷ ያዝ ታደርገኛለች፤ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

በአሥረኛው ቀን ኦርጅናል እያለከለከ በሬን ደበደበ። ባለሙያ ተብዬው ሌላ ፎቶ አግኝቷል፤ መብረቅ ጎሏን አግብቶ እጁን ሽቅብ ሲያነሳ፣ ብብቱ ላይ ሰማያዊ ክር ይታያል።

«እትዬ፣ በናትሽ! የታለ?»

በሩ ላይ ቆሜ እጄን አነሳሁለት። ዓይኑ ፈጠጠ። የእጅጌውን ጫፍ ይዞ አሸተተው፤ ከሳሙና በቀር የሚሸት ነገር የለውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አጠብሽው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የነበረ ይመስልሃል?» አልኩና በሩን ዘጋሁበት።