ላዶና ዐይነ ስውሯ ድብ

ዙሌካ ወደ ድቦቹ መጠለያ በተጠራችበት ጊዜ ድቧ ላዶ ምግብ ከተወች ሰነባብታ ነበር። መልእክቱን ይዞ የመጣው የመጠለያው ጠባቂ ጉላም ያሲን ነው። ሞተር ብስክሌቱን ከጎጆዋ ደጃፍ አቁሞ፣ ሳይወርድ፣

«አክስቴ፣ ልጅሽ አስቸገረችን እኮ» አላት።

«የትኛዋ ልጄ?»

«ጠጉራሟ ነቻ!»

ዙሌካ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላው ተፈናጠጠች።

ባሏ ራህመቱላህ እንደ አባቱ ድብ አጫዋች ነበር። ላዶን ከአዳኞች ሲገዛት ገና ዐይኗ አልተገለጠም። ጥቁር፣ ደረቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ ከድመት የማትበልጥ ነገር ነበረች። ዙሌካ የፍየል ወተት በጡጦ እያጠባች፣ ከልጆቿ መሐል እያስተኛች አሳደገቻት። በኋላ ራህመቱላህ አፍንጫዋን በስቶ ገመድ አስገባ፣ ጥርሷን አስነቀለ፣ በጭብጨባና በዱላ ጭፈራ አስተማራት። በሁለት እግሯ ቆማ ከተወዛወዘች ዱላው ይቀርላታል፤ ካልቆመች ያርፍባታል። ላዶ ከዓለም የተማረችው ይህንኑ ነው። ራህመቱላህ ሲሞት ወንዶች ልጆቹ «የስልክ ጥገና ሱቅ እናቋቁምላችሁ፣ ድቧን ስጡን» ካሉት ከመጠለያው ሰዎች ጋር ተስማሙ። መኪናው መጥቶ ሲወስዳት ዙሌካ ጀርባዋን ሰጥታ ሊጥ ታቦካ ነበር።

አሁን ላዶ ከትልቁ መስክ በሽቦ በተለየ ጠባብ ግቢ ውስጥ ጥግ ይዛ ተኝታለች። የአፍንጫዋ ገመድ ወጥቶላት ቁስሉ ሽሯል። የዙሌካን ድምፅ ስትሰማ እየተንገዳገደች መጣች። ዙሌካ በሽቦው ቀዳዳ ያሾለከችላትን ቂጣ በድድዋ እያላመጠች ጨረሰችው።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፋሪሃ በእፎይታ ተነፈሰች። «አክስቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እርስዎን ብቻ እየጠበቀች ከኖረች መቼም ድብ አትሆንም። ከጓደኞቿ ጋር መኖር አለባት።»

«እንግዲያው አገናኟታ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

በሩ ተከፈተ። ሁለት እንስት ድቦች መሬቱን እያሸተቱ ቀረቡ። ላዶ ባየቻቸው ጊዜ ተንቀጠቀጠች። ከዚያም በሁለት እግሯ ቆመች፣ የፊት እጆቿን አንጠልጥላ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረች።

«ምነው? ምነው ቆመች?» አለ ያሲን። «ድብ ፊት እንዲህ መቆም እኮ ነይ እንጣላ ማለት ነው!»

ዙሌካ ግን ገብቷታል። አትምቱኝ እያለች ነው። አንደኛዋ ድብ ጮኻ በጥፍሯ የላዶን ጆሮ ዘነጠለችው። ላዶ አልሸሸችም፤ ይበልጥ ተወዛወዘች። በተመታች ቁጥር ጭፈራዋን አፈጠነች። ያሲን በውሃ ጎማ ረጭቶ እስኪያላቅቃቸው ድረስ ደሟ ደረቷ ላይ እስካለው ነጭ ምልክት ወረደ።

ደግመው ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ዶክተሯ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ቡሪ ትዝ አለቻት። ቡሪ አሮጊት ድብ ናት፤ የቀድሞ ጌታዋ ዐይኖቿን አጥፍቷቸዋል።

«ቡሪ አታያትም» አለች ዶክተሯ። «ቆመች አልቆመች፣ ጨፈረች አልጨፈረች አታውቅም። አክስቴ፣ እርስዎ ግን ከዚህ መራቅ አለብዎ። ላዶ ሽታዎን እንኳ እንዳታገኝ።»

ዙሌካ ከመኖ መጋዘኑ ጀርባ ተቀመጠች። የሚሆነውን እየተመላለሰ የሚነግራት ያሲን ነበር። ላዶ ቆማለች። ቡሪ ሆዷን አሸታታለች። አልፋት ሄዳ ተኝታለች። ላዶ ዝላ እስክትወድቅ ድረስ ጨፍራለች። ማንም አልመታትም።

ከዚያ ወዲህ ዙሌካ ወሬውን በሩቁ ብቻ ትሰማ ነበር። ላዶ መቆም ቀንሳለች ተባለ። ቡሪን ተከትላ ሥር ትቆፍራለች፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይተኛሉ ተባለ። ዙሌካ «ተመስገን» አለች፤ ያንን ቀን ግን ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ሊጥ ስታቦካ ዋለች።

ክረምቱ ጠንቶ ዝናቡ ሲያስቸግር ያሲን ዳግም መጣ። በዚህኛው ጊዜ ከሞተሩ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ቡሪ ሞተች፣ አክስቴ። አርጅታ ነው። ላዶ ሬሳው ላይ ተኝታ ማንንም አታስቀርብም። አትበላም፣ አትጠጣም።»

ዶክተሯ በሽቦው አጠገብ በዝናብ ርሳ ጠበቀቻቸው። «ማደንዘዣ ብወጋት ልቧ አይችለውም፤ በጣም ደክማለች። እንዲሁ ብተዋት ደግሞ አብራት ትሞታለች።»

ዙሌካ ወደ ሽቦው ተጠጋች። «ላዶ! ነይ እናቴ! ነይ የኔ ጠጉራም!»

ላዶ ቀና እንኳ አላለችም። አፍንጫዋን ከቡሪ አንገት ሥር እንደ ወሸቀች ቀረች። ዙሌካ ሸንኮራ አገዳ አሳየቻት፤ ቂጣ በማር ቀብታ ዘረጋችላት። ምንም። ያን ሁሉ ወተት ያጠባቻት ዙሌካ ለላዶ እንግዳ ሰው ሆና ቆመች።

«ይኸው ድብ ሆነችላችሁ» አለች ለዶክተሯ።

ያሲን መሬት መሬቱን እያየ፣ «አጨብጭቢላት» አለ።

«ምላስህን ይቁረጠው!»

«ሌላ ምን እናድርግ፣ አክስቴ? ንገሪኛ!»

ዙሌካ እጆቿን አነሣች። ራህመቱላህ በየገበያው ይመታው በነበረው ምት አጨበጨበች፤ ላዶን ለተመልካች የሚያስተዋውቅበትን ጥሪም በተሰበረ ድምፅ ጠራች።

ላዶ ተነሣች። ከሬሳው አጠገብ በሁለት እግሯ ቆመች፤ ውሃው ከጠጉሯ እየተንጠባጠበ ተወዛወዘች። ዙሌካ እያጨበጨበች በሽቦው ዳር ወደ ኋላ ሄደች፤ ላዶም እየጨፈረች ተከተለቻት። ጠባቡ ግቢ ስትገባ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ሰዎቹ ቡሪን በሸራ ጎትተው ወሰዱ። ዙሌካ ግን ማጨብጨቡን ማቆም አልቻለችም፤ ዶክተሯ መጥታ እጆቿን ያዘቻቸው።

በጸደይ ከሌሎች ድቦች ጋር ሞከሯት፤ አልሆነም። አሁን ድብ ባለፈ ቁጥር ትቆማለች፤ ሰው ሲያልፍም፣ ቁራ አጥሩ ላይ ሲያርፍም። ዶክተሯ «ሌላ ዐይነ ስውር ከመጣ እንሞክራለን» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን የሚያምንበት ሰው ድምፅ አይደለም።

ዙሌካ እዚያው መጠለያው ውስጥ ሥራ ተሰጣት። ጠዋት ጠዋት ቂጣውን ለላዶ ይዛ የምትሄደው እሷ ናት። ላዶ ግን ከእጇ አትበላም። ምግቡን አጥሩ ሥር አስቀምጣላት ከመጋዘኑ ጀርባ ዞር ስትል ነው ላዶ ተነሥታ የምትበላው።