ካርታው የሚመራበት ቤት

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው፣ ጠርዙ ዙሪያውን በእስፒል ተይዞ አገኘችው። እስፒሎቹ እንደ ብዙው ሰው አሰካክ አልተጋደሙም። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ በየመሀላቸውም ትንሽ የጠመኔ ጭረት አለ። እንዲህ አድርጎ እስፒል የሚሰካ ሰው በሕይወቷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ አያውቅም።

"ይሄን ማን ለካልዎት?" አለች።

ቀሚሱን ያመጣችው መምህርት ነበረች፤ ጣቷ ላይ ያለው ጠመኔ ከልብስ ሰፊዋ ጠመኔ አይለይም። ተቀመጪ ሳትባል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ባለቤትዎ መሰሉኝ። ስልኬ ላይ ልብስ የሚያስተካክል ስፈልግ የእናንተ ስም ወጣ። ካርታው እየመራ ወሰደኝ። ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ባንኳኳ፣ ክራንች የያዙ ሰው ከፈቱልኝ። ሱቁ እዚህ አይደለም አሉኝ። ግን ከመጣሽ አይቀር ብለው ለኩልኝ፣ ሻይም አጠጡኝ።"

"ከእርስዎ ሌላ የመጣ ሰው አይተዋል?"

"እኔ ስወርድ ሱሪ የያዘ ሰውዬ ይወጣ ነበር። ታች ሳልደርስ ተመልሶ እያጉረመረመ አልፎኝ ሄደ።"

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ለነገ ቀጠረችና መምህርቷን እስከ በሩ ሸኘቻት። ከዚያ ተመልሳ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች፤ እግሯን ግን መርገጫው ላይ አላሳረፈችም።

ገበያው ቀዝቅዟል እያለች ስንት ጊዜ አማርራለች። በመጀመሪያ የወቀሰችው ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡትን ነበር፤ ቀጥሎ ማዶ የተከፈተውን ሱቅ፣ በመጨረሻም የራሷን ዓይን፣ ክር ማስገባት ያቃተውን። የሱቁ አከራይ ትቀጥይ እንደሆነ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ፣ ሌላ የሚፈልገው ሰው አለ ብሏታል። እሷም እለቃለሁ ለማለት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ለካ ደንበኞቿ የትም አልጠፉም። መኝታ ቤቷ ሲገቡ ሲወጡ ከርመዋል።

ሱቁን ዘግታ ልጇ ጋ ደወለች። ከቢሮ አስፈቅደሽ ቤት ነይ አለቻት፤ ምን ሆነሽ ስትባል ምንም አልሆንኩም፣ ያን ስልክ ላይ ያወጣሽልኝን የሱቁን ገጽ ልታሳዪኝ ነው ብላ ዘጋች።

ባሏን ሰፈሩ ሜትሩ ይለዋል፤ መለኪያ ሜትር ከአንገቱ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። ያን ቀን ከሰዓትም ሜትሩን እንዳንጠለጠለ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አሉ። ሚስቱ በዚህ ሰዓት ስትገባ ሲያይ አንዱን ብርጭቆ ከወንበሩ ኋላ ለመደበቅ ሞከረ። በዚያ ድካሟ ላይ እንኳ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ቆየ።"

"እኔ እዚያ ዝንብ ስቆጥር ስውል፣ አንተ እዚህ ደንበኞቼን ሻይ ታጠጣልኛለህ?"

"ሁሉንም ወደ አንቺ ልኬያለሁ። ያስቀረሁት የለም።"

"ላክህ እንጂ ማን መጣ? ሁለት ታክሲ ይዞ ሱሪ የሚያሳጥር ሰው አለ? ለምን አልነገርከኝም?"

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

"ብነግርሽ ታስተካክዪው ነበራ" አለ። "አንቺ ጠዋት በሩን ዘግተሽ ስትሄጂ ቀኑ አይመሽም። በሩ ሲንኳኳ ግን ሸሚዝ እቀይራለሁ።"

ተናድዳለች፤ ንዴቷ ግን የሚቀመጥበት ቦታ አጣ። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን ታሽ ጀመር። ልጅቱ እያለከለከች የገባችው ይሄኔ ነው።

ልጅቱ ስልኳን ከፍታ ገና ካርታውን ስታይ ግንባሯን መታች። ጥፋቱ የእሷ ነበር። አምና ገጹን ያወጣችው እዚሁ አልጋ ላይ ተጋድማ ነው። ስልኩ፣ ሱቁ አሁን ያለሽበት ቦታ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ እንቅልፍ እየጣላት አዎን ብላ ተጭናለች። ካርታው ላይ የሱቁን ቦታ የምታሳየው ቀይ ምልክት ያን ጊዜ ቤቱ ላይ እንዳረፈች ቀርታለች። ሱቁን ያጣ ሰው ደግሞ ተናዶ ዝም አይልም፤ አስተያየት ይጽፋል። አስተያየቱ መጥፎ ሲሆን ገጹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ማዶ ያለው ሱቅ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው።

"ምን ብለው ጻፉ?" አለች እናት።

ልጅቱ አባቷን በቆረጣ አየችው። "አንዱ፣ 'ሱቅ ብዬ ሄጄ መኖሪያ ቤት ሆኖ አገኘሁት፣ ጊዜዬን አቃጠሉት' ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ፣ 'ሱቁን አላገኘሁትም፣ አባት ግን የሰው ደግ ናቸው፣ ስለ ጨርቅ ብዙ አስተማሩኝ' ብላ ሦስት ኮከብ ሰጥታለች።"

"ያቺ ባለ ሐር ሻሿ ናት" አለ ሜትሩ ቀስ ብሎ።

ልጅቱ መደረግ ያለበትን ዘረዘረች። የሱቁ በር ፎቶ ይነሳ፤ የሚከፈትበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሥራው ያስደሰተው ደንበኛ ሁሉ ሁለት ቃል እንዲጽፍ ይለመን። ከሁሉ በፊት ግን ምልክቷ ትነሳ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወይስ ሱቁን ለቀሽ መኪናውን እዚህ ብታመጪው ይሻልሻል አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። አልጋው፣ ክራንቹ፣ ሁለቱ ብርጭቆዎች። መኪናው ቢመጣ ማን የት ይቆማል? ደረጃውንስ ማን በየቀኑ ይወጣል? ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ቤት ወጥታ የምትተነፍስበት ቦታ ያ ሱቅ ብቻ ነው። ይህን ባሏ ፊት አትለውም፤ እሱም ያውቀዋል።

"ወደ ሱቁ ውሰጃት" አለች።

ልጅቱ ምልክቷን በጣቷ እየጎተተች ከሰፈራቸው አወጣቻት። ሜትሩ አንገቱን አስግጎ እስከ መጨረሻው ተከታተላት። "ትክክል ነው። ያለቦታዋ ነበረች" አለ፤ ብርጭቆዎቹንም ከፊቱ ገፋ አደረገ። ሚስቱ ፊቱን ማየት አልቻለችም።

"የስልክ ቁጥሩ ያው ያንቺው ይሁን?" አለች ልጅቱ።

"የአባትሽን አድርጊው።"

ልጅቱ ቀና አለች። ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታም፣ "እማዬ፣ አባዬ እኮ ወሬ ከጀመረ አያቆምም" አለች። "አንድ ዚፕ ለማስቀየር የደወለ ሰው ሙሉ የሕይወት ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚዘጋው።"

"ያውራ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እግሯን ጫማዋ ውስጥ እየመለሰች። "ቁጥሩን አስገቢ።"