መስታወት የምትለው ቁልፍ

አባቴ ኑርዬ ግንበኛ ነው። ባለፈው ክረምት ከመወጣጫ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ሐኪሙ ዳግመኛ ከፍታ ላይ እንዳይወጣ ከልክሎታል። እሱ ግን ቤት መዋል አልሆነለትም። ደጃፍ ተቀምጦ የጎረቤቱን አጥር “ጠሟል” እያለ ይነታረካል። ይባስ ብሎ ተቋራጩ ባድሩ “ሰኞ ፎቅ እንጀምራለን፣ ና” ብሎ ደወለለት። አባዬም “እሄዳለሁ” አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩበት። እንደገና ይወድቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የቤት ፕላን የምሠራባት አንዲት ክፍል አለችኝ። “እስከ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሞክር፤ ካልሆነልህ ከባድሩ ጋር ሂድ” አልኩት። አፌን ባልከፈትኩ! የኮምፒውተሬ የንድፍ ፕሮግራም ሜኑ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አባዬ ደግሞ ከአማርኛና ከቁርኣን ሌላ አያነብም። ደግነቱ ፕሮግራሙ ርካሽ ቢሆንም ሜኑውን እንደ ልብ ያስቀይራል። የማይፈልገውን አወጣሁና የቀረውን በእሱ ቋንቋ ጻፍኩለት። መስመር የሚያወጣውን፣ ግንበኛ ግድግዳ በሚያቀናበት ገመድ ስም “ሲባጎ” አልኩት፤ የተሠራውን ወደ ኋላ የሚመልሰውን “መልስ”፤ አንዱን ነገር ገልብጦ ትይዩ የሚደግመውን ደግሞ፣ እንግሊዝኛው እንደሚለው፣ “መስታወት”። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ!

ሲባጎዋን ወዲያው ወደዳት። ማውሱን እንደ ጫጩት በስሱ ይዞ፣ እትዬ ጸዳለ ሐይቁ ዳር የምታሠራውን ቤት ግድግዳ ቀጥ አድርጎ አወጣው። ቅዳሜ ከሰዓት ትልቁ መስኮት ብቻ ቀረው። እኔ ደጅ ከባጃጅ ነጂ ጋር ስከራከር “ያ አላህ!” ሲል ሰማሁና ሮጬ ገባሁ።

ለካ መስኮቱ መስታወት ይግባለት ብሎ ነው። መስኮቱን ብቻ በመምረጥ ፈንታ ቤቱን በሙሉ መርጦ፣ “መስታወት” የሚለውን ነክቶ፣ የመስኮቱን ግራና ቀኝ ጫፍ ጠቁሟል። ፕሮግራሙም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ከመስኮቱ ማዶ ሌላ ቤት ከነወጥ ቤቱ፣ ከነመጸዳጃው ተዘረጋ። አዲሱ ቤት ያረፈው ሐይቁ ውስጥ ነው።

ሳቄ አመለጠኝ። የአባዬ ፊት ጠቆረ፤ ከዘራውን አንስቶ ወደ በሩ አመራ።

“የሰው ቤት ውሃ ውስጥ ጨመርኩ! ወላሂ ይሄ ለእኔ አይሆንም፣ ሰሚሃ። ሰኞ ከባድሩ ጋር ነኝ።”

“ቆይ አባዬ፣ አንዴ ብቻ” ብዬ “መልስ” የሚለውን ነካሁ። ውሃ ውስጥ የገባው ቤት ጠፋ፤ የእትዬ ጸዳለ ቤት እንደነበረ ቀረ።

በሩ ላይ ቆሞ አየው።

“በቃ?”

“በቃ።”

“ምንም አልተበላሸ?”

“ምንም።”

ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። “እኔ እዚያ ላይ አንዴ ብስት ይኸው ዳሌዬ” አለ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። “ታዲያ ይሄ ምኑ መልስ ነው? ይቅር ነው እንጂ የሚለው፤ ‘አፉ በለኝ’ ብለሽ ጻፊበት!”

ጻፍኩበት። መስታወቱንም “መንታ” አልነው፤ ስሙን ያወጣው እሱ ነው። የዚያን ዕለት እስኪመሽ ሆን ብሎ እየተሳሳተ አፉ ሲባል ዋለ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ባድሩ ደወለ። አባዬ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ስልኩን አነሳ።

“አፉ በለኝ፣ ባድሩ” አለው። “ሥራ ይዣለሁ።”