መንገድ ላይ የቀረው ስድብ

አናጺው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት የተኳረፈው በአንድ በር ምክንያት ነው። ሳይለካ ሚስማር ስለማይመታ የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ይለዋል። ታናሹ በሌላ ከተማ የሚኖር የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቤት ሲሠራ ሚሊሜትር ሄዶ ለካና የሳሎኑን በር በስጦታ ሠርቶ ላከለት። በሩ ግን አልዘጋ አለ። ሹፌሩ ቤቱ እንግዳ በሞላበት ቀን፣ «ወንድሜ የሠራልኝ በር ነው፤ ለመዝጋት ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል» ብሎ ሰውን አሳቀ። ሚሊሜትር ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ሲደወልለትም አያነሳም።

ባለፈው ሰኞ ሹፌሩ ለወንድሙ ልጅ መልእክት ላከላት፤ «ሐሙስ አባትሽን በቪዲዮ ላናግረው። ከሥራ የምወጣው ማታ አንድ ሰዓት ነው።»

ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ይህቺ ልጅ የቤቱ ኢንተርኔት ኃላፊም ናት። ሰዓቱን ስታይ ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባዬ፣ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ገብቶ ፊልም ይከፍታል። መስመሩ ይጨናነቃል።»

«ይጨናነቅ! የምለው አጭር ነው» አለ። የሚለውንም ሦስት ቀን ሙሉ እንጨት እየላገ አጠና።

የተባለው ማታ ደረሰ። ልጅቱ ቴሌቪዥኑን ነቀለች፤ የእናቷን ስልክ ቀምታ አጠፋች። ዋይፋዩን ስትፈልግ አባቷ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ከወፍራም ጣውላ በሠራለት ባለ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ አገኘችው።

«ይሄ እኮ መተንፈሻም የለው!»

«ዕቃ አያያዝ ስለማታውቁ ነው» አለ ሚሊሜትር፤ ቁልፉን ግን ሰጣት።

የልጅቱ ስልክ ጠራ፤ የሹፌሩ ፊት ብቅ አለ። ሚሊሜትር ሰላምታ ሳይጠብቅ ብድግ አለ።

«ስማ! ይቅርታ እጠይቅሃለሁ እንድልህ ከሆነ የደወልከው፣ እስክትሸብት ትጠብቃታለህ! ሰው ፊት በገዛ ወንድምህ የምትስቅ ባለጌ ነህ!»

ሹፌሩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ሲንቀሳቀስ ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ ቀደምከኝ? ‹ይቅርታ እጠይቅሃለሁ… ወንድምህ› ስትለኝ አንጀቴን በላኸው።»

«ምን አልኩ?»

ልጅቱ ነገሩ ገባት። ስድቡ መንገድ ላይ ቀርቶ ይቅርታው ብቻ ነው የደረሰው። ሚሊሜትር ሊያርም አፉን ሲከፍት ሚስቱ እግሩን በተረከዟ ረገጠችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ቀጠለ ሹፌሩ። «አንተ በሩን ከለካህ በኋላ፣ ወለሉን…»

ደረቀ። የስልኩ መሐል ላይ ክብ ነገር ይሽከረከር ጀመር።

«ወለሉን ምን?» ጮኸ ሚሊሜትር። «ወለሉን ምን አደረግኸው?»

ዋይፋዩን አንስቶ ወንበር ላይ ቆመ፤ ክቡ አላቋረጠም። በነጠላ ጫማ ወጥቶ የጎረቤት በር እያንኳኳ ይለምን ጀመር፤ «እባካችሁ፣ ፊልሙን አምስት ደቂቃ ብቻ አቁሙልኝ! የስድስት ዓመት ነገር ነው!» ጎረቤቷ ነርስ ወዲያው አጠፋች። ጡረተኛው መምህር ግን ኳስ ላይ ነበር። «ዕረፍት ሊወጡ አራት ደቂቃ ቀርቷቸዋል» አለው፤ ሚሊሜትርም በሩ ላይ ቆሞ አራቱን ደቂቃ ጠበቀ።

መስመሩ ተመለሰ። ችግሩ፣ ፊልም የተከለከሉት ጎረቤቶች ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው መጥተው መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል።

«ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፍኩበት» አለ ሹፌሩ። «ከፍ ብሎ በሩን ያዘው። ያንን ከማመን አንተን መሳቂያ ማድረግ ቀለለኝ።»

«በስንት ከፍ አለ?»

«በአሥራ ሁለት ሚሊሜትር።»

መስኮቱ ላይ የቆመችው ነርስ እልል አለች። ሚሊሜትር ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሩ አልዘጋ ካለ ወዲህ እጁን ማመን አቅቶት እያንዳንዱን በር ሦስት ሦስት ጊዜ ሲለካ ኖሯል፤ ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። አሁን መዳፉን ገልብጦ አየው።

«እንግዲህ እኔም አልዋሽህም» አለ፣ እግሩን ከሚስቱ አርቆ። «ቅድም ይቅርታ አልጠየቅኩህም። ስሰድብህ ነው የተቆራረጠው።»

«ምን ብለህ ሰደብከኝ?»

«ባለጌ።»

«እሱስ እውነትህን ነው» ብሎ ሹፌሩ ሳቀ፤ መስኮቱ ላይ ያሉትም አብረው ሳቁ።

«አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። ስድስት ዓመት ስልክህን ባለማንሳቴ ይቅርታ። ተሰማህ?»

«ተሰማኝ፣ ጋሼ።»

መምህሩ ሰዓቱን አይቶ፣ «በሉ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነው» አለና ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። ወዲያው የሹፌሩ ፊት እንደገና ደረቀ፤ በዚህ ጊዜ እየሳቀ ነበር።

ቅዳሜ ሚሊሜትር መላጊያውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወንድሙ በሚነዳው አውቶቡስ ሄደ። በሩን ለመላግ ግማሽ ሰዓት በቃው፤ ወንድሙ ቤት ግን አራት ቀን ሰነበተ።