ለዛሬ ብቻ የከፈትኩት በር

የማተሚያ ቤቱ ሰርቨር ጠባቂ ነኝ። ደንበኞች ፋይላቸውን በእሱ ይልካሉ፤ «እምቢ አለኝ» ሲሉ ደግሞ ጆሮ የሚበሉት የእኔን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ፣ ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፣ መጽሐፉን ላከ። ስለ ከብት በሽታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፈው ነው። ሰርቨሩ «ፈቃድ የለም» እያለ መለሰበት። ሦስት ጊዜ ደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ ቤተ መንግሥት ልግባ አልኩሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ።

አለቃዬም አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ደሜ ፈላ። ፋይል ተቀባዩን ፕሮግራም «ሩት» በሚባለው መለያ አስነሳሁት። ሩት የማሽኑ ጌታ ነው፤ የሚከለክለው የለም። መጽሐፉ ሰተት ብሎ ገባ። «ለዛሬ ብቻ፤ ነገ ይስተካከል» ብዬ ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ። ወረቀቱ ዛሬም እዚያው አለ።

አጎቴ ቤት ሲቀይር መጽሐፉን የጻፈባቸውን ደብተሮች ጣለ። «አንቺ ጋ አለ አይደል» አለኝ። አምና ኮምፒውተሩም ተበላሸ። መጽሐፉ ግን አይታተምም፤ ሰውየው በየሳምንቱ እርማት ይዞ ይመጣል። አንዴ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብሎ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ሰርቨሩ ባዶ ነው። የማላውቀው ሰው በኢንተርኔት፣ በፋይል ተቀባዩ ፕሮግራም ቀዳዳ ገብቷል። ፕሮግራሙ በተራ መለያ ቢሠራ ኖሮ ሰውየው አንድ ፎልደር አበላሽቶ ይቆም ነበር። በሩት ስለነበር ሁሉንም ሙልጭ አድርጎ ጠረገው፤ እዚያው ማሽን ላይ የሰካሁትን መጠባበቂያ ቅጂ ጭምር። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

«ደንበኞቹ ደግመው ይልካሉ» አለ አለቃዬ። እውነቱን ነው። ከአንድ ሰው በቀር።

አጎቴ ከሰዓት በኋላ እርማቱን ይዞ መጣ። ቁጭ አድርጌ ነገርኩት።

«ማን ነው በሩን የከፈተለት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ያኔ የአንተን ፋይል ለማስገባት።»

የእርማቱን ወረቀት አጠፈ። «ያኔ ጮኼብሽ ነበር» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመጽሐፉ ለወረቀት ሙከራ ያተምናት አንዲት ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። አውጥቼ ሰጠሁት። የምስጋናው ገጽ ነው፤ «መጽሐፌን በአደራ ለጠበቀችልኝ የእህቴ ልጅ» ብሎ ይጀምራል። መነጽሩን አደረገ። ቀስ ብሎ አነበበው። እስክሪብቶ አውጥቶ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨመረ።

ከዚያ ገጹን መለሰልኝ።

«ይቺን አንቺ አስቀምጪልኝ» አለ።